“እዚህ ጋ ሰው ሊሞት ነው”፦ የሰፈር የመንገድ ደህንነት ኮሚቴ ቅሬታን እንዴት ወደ ሥራ ይቀይራል?

የሰፈራችን የመንገድ ደህንነት ኮሚቴ ጸሐፊ ነበርኩ። ጸሐፊ ስል ደብተር ያዥ ማለቴ ነው። ሰብሳቢ የሚሆን ሰው አይጠፋም። ቃለ ጉባኤ ያዥ ሲባል ግን ሁሉም ስልኩን ማየት ይጀምራል።

የመጀመሪያው ዓመት ሥራችን ባጭሩ ይሄ ነበር። አንድ ደብዳቤ ጻፍን። “በአካባቢያችን የትራፊክ አደጋ እየተባባሰ ስለመጣ አስፈላጊው መፍትሄ እንዲሰጠን” ይላል። ማህተም መታንበት። ሦስት ቢሮ አስገባነው። ወራት አለፉ፤ ዝም። በመጨረሻ አንዱ ቢሮ ውስጥ ያገኘናቸው ባለሙያ መነጽራቸውን አውልቀው “የት ጋ ነው? ስንት ሰዓት ላይ? ምን እንዲሠራላችሁ ነው የምትፈልጉት?” አሉን። አራት ነበርን። እርስ በርስ ተያየን። አንዱ “ዳቦ ቤቱ ጋ” አለ። ሌላው “ኧረ ማዞሪያው ይብሳል” አለ። እዚያው ሰውዬው ፊት ክርክር ጀመርን።

አፍረን ወጣን። ቅሬታችን እውነት ነበር፤ አድራሻ ግን አልነበረውም። ከዚያ በኋላ የተማርነውን በቅደም ተከተል ላስቀምጥላችሁ። የምጽፈው አዲስ አበባን እያሰብኩ ነው። ባሕር ዳር፣ ሐዋሳ ወይም ደሴ ያላችሁ የቢሮዎቹን ስም ቀይሩት፤ ሥራው ያው ነው።

1. ኮሚቴው ውስጥ ማን ይግባ?

ከአምስት እስከ ሰባት ሰው ይበቃል። መሐንዲስ ካላችሁ ጥሩ። ከሌላችሁም አትጨነቁ፤ መሐንዲስ መንግሥት ቤት አለ። እናንተ የሚያስፈልጓችሁ መንገዱን በእግሩም በጎማውም የሚያውቅ ሰው ነው።

እኛ ዘንድ የሠሩት እነዚህ ናቸው። ልጆች ጠዋትና ማታ የምታመላልስ እናት። የትምህርት ቤቱ ዩኒት ሊደር። የዕድሩ ተወካይ፣ ምክንያቱም ዕድር ማህተምም አለው፣ በወር አንዴ ሰው ሁሉ የሚሰበሰብበትም እሱ ነው። ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሾፌር፣ ሁላችንም “ጋሼ” የምንላቸው። በክራንች የሚሄድ ወጣት፤ እሱ ከመግባቱ በፊት የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ከፍታ ጉዳይ መሆኑን ማናችንም አናውቅም ነበር።

ከሁሉም በላይ ግን የታክሲ ተራ አስከባሪውን አስገቡ። “ከነገ ጀምሮ ታክሲ እዚህ ጋ አይጭንም” ብሎ ካለ አይጭንም። ኮሚቴው ቢለው ማን ይሰማዋል?

አንድ ነገር ቀድማችሁ ጨርሱ። ወረዳ ሄዳችሁ ኮሚቴው መኖሩንና ምን እንደሚሠራ አሳውቁ፤ ከተቻለ የድጋፍ ደብዳቤ ያዙ። መንገድ ዳር ቆሞ መኪና እየቆጠረ ወረቀት ላይ የሚጽፍ፣ ፎቶም የሚያነሳ ሰው እኛ አገር ጥያቄ ያስነሳል። ደብዳቤው ኪሳችሁ ካለ ነገሩ በሁለት ደቂቃ ያልቃል።

2. ደብተሩ

አንድ ባለ መቶ ገጽ ደብተር ግዙ። በማስመሪያ አስምሩት። ተራ ቁጥር፣ ቀን፣ ቦታ፣ ሰዓት፣ ምን ሆነ፣ ማን ተናገረ፣ ለማን ተላከ፣ ምን መልስ መጣ። የመጨረሻዎቹ ሁለት ዓምዶች ባዶ ሆነው ሲያፈጡባችሁ ነው ሥራ የምትሠሩት።

ቴሌግራም ግሩፕ መኖሩ ጥሩ ነው፤ ግን መዝገብ አይሆንም። ቴሌግራም ላይ ቅሬታ ማታ ይግላል፣ ጠዋት የልደት መልካም ምኞት ይደራረብበትና ይጠፋል። እዚያ የመጣውን ሁሉ በዚያው ቀን ወደ ደብተሩ ገልብጡት።

ሰው ሲያመለክት እንዲህ ነው የሚያወራው፦ “መኪኖቹ አብደዋል! ልጆቻችንን ሊጨርሱብን ነው!” ይሄንን እንዳለ አትጻፉት። ቁጭ በሉና ጠይቁ። የቱ ጋ? ከየት የሚመጣ መኪና? ስንት ሰዓት ላይ? የሚሻገረው ማነው? ለጥቂት የተረፈ ሰው አለ? መጨረሻ ላይ ደብተሩ ላይ የሚሰፍረው ይሄ ይሆናል፦ “ከዳቦ ቤቱ ወደ ትምህርት ቤቱ በር፣ ጠዋት ከ1፡30 እስከ 2፡00፣ ከላይ የሚወርዱ ሚኒባሶች፣ ብቻቸውን የሚሻገሩ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች።” ስሜቱ ያው ነው፤ አሁን ግን የሚያዝ ነገር ሆነ።

“ለጥቂት ተረፈ” የሚባለው ታሪክ ከአደጋው እኩል ይጻፍ። አብዛኛው ሰው ልብሱን አራግፎ፣ “ተመስገን” ብሎ ይሄዳል፤ ለማንም አይናገርም። የሚያውቁት እዚያው የሚውሉት ናቸው። ሊስትሮው፣ ጀበና ቡና የምታፈላዋ፣ የሕንፃው ጥበቃ፣ የፓርኪንግ ሠራተኛዋ። እኛ ከስብሰባ ካገኘነው መረጃ ይልቅ ከአንድ ሊስትሮ ያገኘነው ይበልጣል። በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት የማን ጫማ እንደበረረ ሁሉ ያስታውሳል።

ሰው የሞተበት ቤት ግን ደብተር ይዛችሁ አትሂዱ። ለቅሶ ድረሱ፣ ዝም በሉ። መረጃው ከአርባው በኋላም ይገኛል፤ ትራፊክ ፖሊስም ጋ አለ።

3. ሄዶ ማየት

አንድ ቅሬታ ከተመዘገበ ቦታው ድረስ መሄድ ግዴታ ነው። ሦስት ጊዜ። አንዴ ቅሬታው በተባለው ሰዓት፣ አንዴ በጨለማ፣ አንዴ ደግሞ በተለየ ቀን፦ ገበያ ቀን፣ አርብ ጁምዓ ላይ ወይም እሁድ ቤተ ክርስቲያን ሲወጣ።

የዳቦ ቤቱን ታሪክ ልንገራችሁ። ሰፈሩ በአንድ ድምፅ “ብሬከር ይሠራልን” ብሎ ነበር። እኛም አምነን ነበር። ጋሼ ግን “እስቲ መጀመሪያ እንየው” አሉ። ጠዋት 1፡30 ላይ ዳቦ ቤቱ በረንዳ ላይ ቆምን። ዜብራው ነበር፤ ከአሥሩ ነጭ መስመር አራቱ ብቻ ይታያሉ። ዜብራው አፍ ላይ አንድ ሚኒባስ ቆሞ “ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!” ይላል። ከኋላው ሌላ። ከዚያ ወዲህ የቲማቲምና የሽንኩርት ጉልት፣ ትልቅ ጃንጥላ ተዘርግቶበታል።

አንድ ልጅ፣ ቦርሳው ከሱ የሚበልጥ፣ በጃንጥላውና በሚኒባሱ መሃል ብቅ አለ። ጋሼ ጉልበታቸውን ይዘው ቁጢጥ አሉ። “ኑ፣ ከዚህ እዩ” አሉን። በልጁ ዓይን ከፍታ ስናይ ከላይ የሚመጣው መኪና ጭራሽ አይታይም። ሾፌሩም ልጁን የሚያየው ከሚኒባሱ አፍንጫ ሲያልፍ ነው። ያ ሾፌር ደግሞ የሚሮጥ አልነበረም። ችግሩ ፍጥነት ብቻ ነው ብለን ለወራት የጮህንበት ቦታ፣ ትልቁ ችግር መጋረጃ ነበር።

ብሬከር ቢሠራ ምናልባት ይጠቅም ነበር። ታክሲው አሥራ አምስት ሜትር ወደታች ቢወርድና ጃንጥላው ግድግዳውን ቢጠጋ ግን የበለጠ ይጠቅማል። ገንዘብም አይጠይቅም። ተራ አስከባሪው በሳምንቱ አስተካከለው። ጉልቷ እናት ለማሳመን ከሱ በላይ ፈጀብን፤ በኋላ ግን ዋና ተቆጣጣሪያችን እሷ ሆነች።

ስለዚህ ቦታው ስትደርሱ ቁጢጥ በሉ። መሬቱንም እዩ። የተሰበረ የፊት መብራት መስታወት፣ የጎማ ጥቁር ጭረት፣ የተጣመመ የብረት አጥር፣ የተላጠ ግንድ ካለ እዚያ ጋ ማንም ያልመዘገበው ነገር ሆኗል። የእግረኛ መንገዱ ላይ አሸዋና ጠጠር ተከምሮ ሰው ወደ አስፋልት ወርዶ እንደሆነ እዩ። የማንሆል ክዳን አለ? የመንገድ መብራቱ ይበራል? የዛፍ ቅርንጫፍ ምልክቱን ጋርዶታል?

4. መቁጠርና ፍጥነት መለካት

ይሄ ክፍል ያስፈራል፤ ግን ቀላል ነው። እግረኛውን በአምስት አምስት ደቂቃ እየከፈላችሁ ቁጠሩ። ልጅ፣ አዋቂ፣ አረጋዊ ለየብቻ። ባቄላ ከኪስ ወደ ኪስ እያዛወሩ የሚቆጥሩ ነበሩን፤ ሠርቷል።

ለፍጥነት 50 ሜትር በሜትር ለኩ። ሁለቱን ጫፍ በኖራ ወይም በሁለት ምሰሶ ለዩ። የመኪናው የፊት ጎማ የመጀመሪያውን ሲነካ የስልካችሁን ሰዓት አስነሱ፣ ሁለተኛውን ሲነካ አቁሙ። ከዚያ 180ን በሰከንዱ አካፍሉ፤ የሚመጣው በሰዓት ኪሎ ሜትር ነው። 6 ሰከንድ ከፈጀ 30 ነው። 4.5 ሰከንድ ከሆነ 40። 3.6 ሰከንድ 50። በ3 ሰከንድ ያለፈ መኪና በ60 ነው የበረረው። ራቅ ብላችሁ ቁሙ፤ ሾፌር ወረቀት የያዘ ሰው ሲያይ ይቀንሳል።

40 መኪና ለኩና ከቀርፋፋው ወደ ፈጣኑ ደርድሩ። 34ኛውን እዩ። መሐንዲሶች የሚያዩት ይሄንን ነው፦ ከመቶ መኪና 85ቱ ከዚያ በታች ወይም እኩል የሚሄዱበትን ፍጥነት። አንድ ያበደ ሾፌር ሪፖርታችሁን አያበላሽም፤ አንድ ቀርፋፋ ላዳም አያሳምረውም።

ቁጥሩ ለምን እንደሚያስፈልግ ሰፈሩ ሲጠይቃችሁ እንዲህ አስረዱ። በ50 የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ ውስጥ 14 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ሾፌር ልጁን አይቶ እግሩ ፍሬን እስኪነካ አንድ ሰከንድ ቢያንስ ያልፋል። ሦስት ሚኒባስ ተደርድረው የሚይዙትን ርዝመት ገና ፍሬን ሳይነካ ጨረሰው ማለት ነው። በ30 ቢሆን 8 ሜትር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ አማካይ ፍጥነት 1 በመቶ ሲጨምር ሰው የሚሞትበት ግጭት ዕድል በ4 በመቶ ይጨምራል ይላል። በ2020 እንደ ፈረንጆቹ የዓለም የመንገድ ደህንነት ጉባኤ ያወጣው የስቶክሆልም መግለጫ፣ እግረኛና መኪና በሚቀላቀሉበት ቦታ ፍጥነቱ ከ30 አይብለጥ ያለው በዚህ ምክንያት ነው።

አይሱዙን “አልቃይዳ”፣ ሲኖትራክን “ቀይ ሽብር” ብሎ ስም ያወጣ ሕዝብ አደጋውን ሳያውቀው ቀርቶ አይደለም። የጎደለው ሰከንዱ ነው።

5. ጉዳዩ የማን ነው?

እዚህ ጋ ነው ብዙ ኮሚቴ የሚሞተው። ትክክለኛ ጥያቄ ለተሳሳተ ቢሮ ይሄዳል፤ ቢሮው አይመልስም ወይም “እኛን አይመለከትም” ይላል፤ ሰው ተስፋ ይቆርጣል።

በአዲስ አበባ በግርድፉ እንዲህ ያዙት። ዜብራ፣ ምልክት፣ የትራፊክ መብራት፣ የፍጥነት መቀነሻ፣ የመኪና ማቆሚያ ጉዳይ ወደ ትራፊክ ማኔጅመንት ባለስልጣን። የተቆፈረ አስፋልት፣ የእግረኛ መንገድ፣ የጎርፍ መውረጃ ወደ ከተማው መንገዶች ባለስልጣን። ሾፌር ሕግ ሲጥስ፣ ያለ ሥርዓት ሲቆም፣ ሲበር፦ ትራፊክ ፖሊስ። የእግረኛ መንገድ የዘጋ ሸቀጥና የግንባታ ዕቃ ደንብ ማስከበርን ይመለከታል። የውስጥ ለውስጥ ኮብልስቶን ከሆነ ከወረዳና ከክፍለ ከተማ ጀምሩ። ከተማ አቋርጦ የሚያልፍ የፌደራል አውራ መንገድ ዳር የምትኖሩ ደግሞ ማዘጋጃ ቤቱ ብቻውን ላይወስን ይችላል፤ የኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር አለበት።

ማንሆል ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። ክዳኑ የተሰረቀ ጉድጓድ የውሃና ፍሳሽ ሊሆን ይችላል፣ የኢትዮ ቴሌኮም ሊሆን ይችላል፣ የመንገዶችም ሊሆን ይችላል። ውስጡን እዩት። ኬብል ካለ ቴሌ ሊሆን ይችላል፤ ሽታው ካባረራችሁ ባለቤቱን አወቃችሁ። እስከዚያ ቅጠልና ድንጋይ አድርጋችሁ ምልክት አቁሙ፤ ማታ የሚታይ ነጭ ጨርቅም እሰሩበት።

6. ምን እንጠይቅ?

ሰፈር ሁልጊዜ የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው፦ ብሬከርና ትራፊክ ፖሊስ። ሁለቱም ጥሩ ናቸው፤ ብቸኛ መልስ ግን አይደሉም። ፖሊሱ ምሳ ይበላል። ብሬከር ደግሞ የማይሆንበት ቦታ አለ፦ አምቡላንስ የሚመላለስበት፣ ቁልቁለቱ የከፋ፣ አውቶቡስ የሚበዛበት።

ብሬከር ራሳችሁ አትሥሩ። አውቃለሁ፣ ያጓጓል። ሁለት ኩንታል ሲሚንቶና የቅዳሜ ጉልበት ብቻ ነው የሚፈልገው። አንዳንድ ቦታ አሮጌ ጎማ ቀብረው ወይም አፈር ከምረው ሲሠሩ አይቻለሁ። በደንብ የተሠራ የፍጥነት መቀነሻ ከ7 እስከ 10 ሳንቲሜትር ከፍ ይላል፤ ግን መኪናው በሚሄድበት አቅጣጫ 4 ሜትር ገደማ ይረዝማል፣ ስለዚህ መኪናው ይወጣል ይወርዳል እንጂ አይዘልም። ከፊቱ ምልክት፣ ላዩ ላይ ቀለም አለው። የቅዳሜው ብሬከር ግን አጭርና ሹል ነው። ማታ ሞተር ሳይክል ይጥላል፣ ነፍሰ ጡር ይዞ የሚሮጠውን ላዳ ይሰብራል፣ ክረምት ሲመጣ ጎርፉን አቁሞ ወደ ሰው ግቢ ይመራል። አደጋ ከደረሰበት ደግሞ ተጠያቂው ማነው? ስማችሁ ቃለ ጉባኤው ላይ አለ።

ሌሎች የሚጠየቁ ነገሮች አሉ። ከፍ ያለ መሻገሪያ፣ ማለትም ዜብራና ብሬከር አንድ ላይ። መንገዱ ሰፊ ከሆነ መሃሉ ላይ እግረኛ የሚቆምበት ደሴት። ማዞሪያው በጣም ሰፊ ሆኖ መኪና ሳይቀንስ የሚጠመዘዝ ከሆነ ጥጉን ማጥበብ። ለገሃር ላይ ይሄ በቀለምና በጊዜያዊ ማገጃ ተሞክሮ ነበር፤ እግረኛው የሚሻገረው ርቀት አጠረ። ለባለሙያ “እንደ ለገሃሩ” ስትሉት ቶሎ ይገባዋል።

የእግረኛ ድልድይ ከመጠየቃችሁ በፊት ግን የቀለበት መንገዱን አስቡ። ድልድይ ነበር፣ አጥርም ነበር፤ ሰው አጥሩን ቆርጦ ከታች ተሻገረ። ሕዝቡን መስደብ ቀላል ነው። እስቲ አምሳ ኪሎ ጤፍ ተሸክማችሁ፣ ልጅ አዝላችሁ ደረጃውን ውጡት። በክራንች የሚሄደው አባላችን ስለ ድልድይ ሲነሳ “እኔን ከዝርዝሩ አውጡኝ” ነበር የሚለው።

ከመጠየቅ በፊት ሰፈሩ ራሱ የሚያደርገው ይኑር። ቅርንጫፍ መቁረጥ፣ ጉልት ማስጠጋት፣ የታክሲ መጫኛ ማዛወር። ትምህርት ቤቱ ሁለተኛ በር ካለውና እሱ ጸጥ ወዳለው መንገድ የሚወጣ ከሆነ በሩ ይከፈት። የተማሪ ትራፊኮች ካሉ አንጸባራቂ ሰደርያ እንዲኖራቸው ገንዘብ አዋጡ፤ ብቻቸውን ግን አታቁሟቸው፣ አንድ አዋቂ አጠገባቸው ይሁን።

7. ደብዳቤው

አንድ ደብዳቤ፣ አንድ ቦታ፣ አንድ ጥያቄ። ስምንት ችግር ካላችሁ ስምንት ደብዳቤ። ከአንድ ገጽ አይብለጥ። የእኛ ይሄንን ይመስል ነበር፦

“ለ… ክፍለ ከተማ ትራፊክ ማኔጅመንት ቅርንጫፍ ጽ/ቤት

ጉዳዩ፦ … ትምህርት ቤት በር ላይ የደበዘዘው ዜብራ እንዲታደስና ከፍ ያለ መሻገሪያ እንዲሠራልን ስለመጠየቅ

ከላይ በተጠቀሰው ቦታ ጠዋት ከ1፡30 እስከ 2፡15 በሦስት የትምህርት ቀናት ባደረግነው ቆጠራ በአማካይ … ተማሪዎች መንገዱን ያቋርጣሉ። በዚሁ ሰዓት ከለካናቸው 40 ተሽከርካሪዎች … የሚሆኑት ከ30 ኪሎ ሜትር በሰዓት በላይ ይጓዙ ነበር። ባለፉት … ወራት … ግጭትና … ለጥቂት የተረፈ ሁኔታ ተመዝግቧል። ነዋሪው በራሱ በኩል የታክሲ መጫኛውን በ15 ሜትር አዛውሯል። ስለሆነም ባለሙያ ተልኮ ቦታውን አብሮን እንዲያይልንና ተገቢው እንዲፈጸምልን በትህትና እንጠይቃለን።

አባሪ፦ 4 ፎቶግራፍ፣ 1 ገጽ የእጅ ንድፍ፣ የቆጠራ ሰንጠረዥ
ግልባጭ፦ ለወረዳ … ዋና ሥራ አስፈጻሚ ጽ/ቤት፣ ለ… ፖሊስ ጣቢያ ትራፊክ ክፍል”

ሁለት ነገር ልብ በሉ። “ነዋሪው በራሱ በኩል” የምትለዋ ዓረፍተ ነገር በር ትከፍታለች። ባለሙያው ቢሮ በየቀኑ የሚመጣው ጩኸት ነው፤ ድርሻውን ሠርቶ የመጣ ሰው ሲያይ ቀና ብሎ ያነባል። ሁለተኛ፣ የጠየቃችሁት መሻገሪያ ብቻ አይደለም፣ ባለሙያ እንዲመጣ ነው። በጀት የሌለው ቢሮ እንኳ ሰው መላክ ይችላል።

8. ደጅ መጥናት፣ ግን በዘዴ

ደብዳቤው መዝገብ ቤት ሲገባ በእናንተ ቅጂ ላይ ቁጥርና ቀን አስመቱ። ያ ቁጥር ከሌለ ደብዳቤው አልገባም ብላችሁ ቁጠሩት። በየሁለት ሳምንቱ አንድ ሰው፣ ሁልጊዜ ያው ሰው፣ ይሂድ። በየጊዜው አዲስ ፊት ከላካችሁ ታሪኩን ከሀ ብሎ መጀመር ነው። ለእኛ የምትሄደው ያቺ ልጆች የምታመላልሰው እናት ነበረች። ትሁት ናት፤ ግን ቁጥሩን ሳታይ ከወንበሯ አትነሳም።

ባለሙያው ሲመጣ በቅሬታው ሰዓት እንዲመጣ ለምኑ። እኩለ ቀን ላይ ቢመጣ የሚያየው ባዶ መንገድ ነው። ሁለት ሰው ብቻ ይቀበለው፤ ሰፈሩን ሁሉ ከጠራችሁ ሰልፍ ይመስላል። ቡና ይፈላ፣ ቁጢጥ ብሎ እንዲያይም አድርጉት።

የዘመን መቁጠሪያችሁን ከመንግሥት በጀት ጋር አስማሙ። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል። ግንቦት መጨረሻ ላይ የመጣ ትልቅ ጥያቄ “ለዓመቱ” ይባላል፤ እውነታቸውን ነው። ግንባታ ነክ ነገር ከሆነ ዕቅድ ሳይዘጋ፣ በጋው ላይ አስገቡ። ቀለም ከሆነ ክረምት ላይ አትጠይቁ፣ አይይዝም። ዝናቡ እንደቀነሰ፣ ትምህርት ሲከፈት ጥሩ ነው። መንገዳችሁ ላይ ኮሪደር ልማት ታቅዶ እንደሆነም ቀድማችሁ ጠይቁ፤ በስድስት ወር ውስጥ ለሚፈርስ መንገድ ቀለም የሚቀባ የለም። ዲዛይኑ ሳያልቅ አስተያየት መስጠት ግን ትችላላችሁ።

“አይሆንም” ሲሏችሁ ምክንያቱን በጽሑፍ ጠይቁ። አንዴ ብሬከር ጠይቀን በአምቡላንስ ምክንያት ተከለከልን። ተናደድን። ሲብራራልን ግን ልክ ነበሩ፤ በምትኩ ምልክትና የመንገድ ጥግ ማገጃ ሰጡን።

9. ሰፈሩ ውስጥ የሚነሳው ጠብ

ይሄ ከቢሮው ይከብዳል። ማቆሚያ ሲከለከል ባለ ግሮሰሪው “ደንበኛዬን አባረራችሁ” ይላል። ብሬከሩ መኝታ ቤቱ ሥር የሚሠራበት ሰው የከባድ መኪና መንጓጓት እንቅልፍ ይነሳዋል፤ ቀልድ አይደለም። መኪና ያለው የኮሚቴ አባልም ማርሽ መቀነስ ሲሰለቸው አቋሙ ይላላል፤ አይቻለሁ።

ደብዳቤ ከመጻፋችሁ በፊት ቦታው ፊት ለፊት ያሉትን ቤቶችና ሱቆች አንድ በአንድ አነጋግሩ። ፈቃድ ለመጠየቅ ሳይሆን ያላያችሁትን እንዲነግሯችሁ። ባለ ግሮሰሪው የቢራ መኪና የሚያወርድበት ሰዓት ብቻ ነበር ጭንቀቱ። ጠዋት ከ3፡00 በኋላ እንዲሆን ተስማማን፤ ልጆቹ ያኔ ክፍል ገብተዋል።

መልሱን ደግሞ መልሱ። ቅሬታ ያመጣችውን ሴት በስም ፈልጋችሁ “ተልኳል”፣ “መጥተው አዩት”፣ “እምቢ አሉ” በሏት። የዕድር ስብሰባ ላይ አምስት ደቂቃ ለምኑና ከደብተሩ አንብቡ። ሰው መልስ ባያገኝ እንኳ መሰማቱን ካወቀ ሁለተኛውን ቅሬታ ያመጣል።

አደጋ ሲደርስ

አጭር ነው፤ ግን ቀድማችሁ ተነጋገሩበት። ፖሊስ 991፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907። ተጎጂውን እንደ ጆንያ አንስታችሁ ታክሲ ውስጥ አትወርውሩ፤ አንገትና ወገብ ሊበላሽ ይችላል። ከኋላ የሚመጣውን መኪና የሚያስቆም አንድ ሰው መድቡ። ሾፌሩን የሚከብ ወጣት ይኖራል፤ ከኮሚቴው ሁለት ሰው በመሃል ይግባ። የተደበደበ ሾፌር ያየ ሌላ ሾፌር በሚቀጥለው ጊዜ ቆሞ ከመርዳት ይልቅ ይሸሻል።

10. ከተሠራ በኋላ

ቀለሙ ሲደርቅ ሥራው አላለቀም። በወሩና በስድስት ወሩ ያንኑ 50 ሜትር፣ በዚያው ሰዓት፣ እንደገና ለኩ። ከቀነሰ ቁጥሩን ለቢሮው የምስጋና ደብዳቤ አድርጋችሁ ላኩ። ምስጋና የሚደርሰው ቢሮ ጥቂት ስለሆነ ስማችሁን አይረሱም። ካልቀነሰም ላኩ።

የእኛ መሻገሪያ ከተሠራ በኋላ ጋሼ ስልካቸውን ይዘው ዳቦ ቤቱ በረንዳ ላይ ተቀመጡ። ስድስት ሰከንድ፣ ስድስት ተኩል፣ ሰባት። “ይኸው!” እያሉ ነበር። ጉልቷ እናት ጃንጥላዋን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ታያቸዋለች። ከዚያ ወደ እኔ መጣችና “ጻፍ” አለችኝ። መሻገሪያው ከተሠራ ወዲህ ሚኒባሶቹ በጓሮው ኮብልስቶን መንገድ ማቆራረጥ ጀምረዋል፣ ማታ ከ12፡00 በኋላ፣ ልጆች ኳስ በሚጫወቱበት። የት ጋ እንደሆነ ጠየቅኳት። ቦታውንም ሰዓቱንም ሳትደናቀፍ ነገረችኝ። አዲስ ተራ ቁጥር ሰጠሁት።